ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን ለሰይጣን አልሸጠም፤ ስለ ብሉዝ ታሪክ እንነጋገር

ሸክላ ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ፦ ጊታር መምታት የማይችል ጥቁር ወጣት ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሰይጣን ጋር ተገናኝቶ ነፍሱን ሸጠ፣ ወዲያው የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን) ንጉሥ ሆነ የሚል። ከሥሩ ሰው ሁሉ እያማተበ አስተያየት ይሰጣል። እኔ ግን ዝም ብዬ ማሳለፍ አልቻልኩም። ልጁ የለፋውን ልፋት፣ ያስተማረውን ሰው፣ የበቀለበትን አገር ሁሉ ጠራርጎ ለሰይጣን የሚሰጥ ተረት ነው።

ሮበርት ጆንሰን በ1911 አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ግዛት ሄዝልኸርስት ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጎረምሳ ሳለ ሰን ሃውስ እና ዊሊ ብራውን የተባሉ ታላላቆቹ ቅዳሜ ማታ ከሚጫወቱበት ቤት አይጠፋም ነበር። እነሱ አየር ሊወስዱ ሲወጡ ጊታራቸውን ያነሳል። ሃርሞኒካ በደንብ ይነፋል፤ ጊታሩን ሲይዝ ግን ሰው እየወጣ "ኧረ አስጥሉልን" ይላቸው እንደነበር ሰን ሃውስ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግሯል። ከዚያ ልጁ ከአካባቢው ጠፋ። ሲመለስ ታላላቆቹን አፍ አስያዛቸው።

በመሃሉ የት ነበር? ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ፣ አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታር መቺ ዘንድ ይማር ነበር። መምህርና ተማሪ ሌሊት ወደ መቃብር ቦታ ይሄዱና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ፤ ይህን የዚመርማን ልጅ ለተመራማሪዎች አጫውታለች። መቃብሩ የተመረጠው ጸጥታ ስላለው፣ እንቅልፍ የሚነሱት ሰውም ስለሌለ ነው። በዚያ ላይ ጆንሰን ከሸክላ የተማረ ሰው ነው። የሊሮይ ካርን፣ የሎኒ ጆንሰንን፣ የኮኮሞ አርኖልድን ሥራዎች ደጋግሞ ሰምቷቸዋል። ካር ፒያኒስት ነበር። ጆንሰን የፒያኖውን የግራ እጅ አምጥቶ በጊታሩ ወፍራም ክሮች ላይ አስቀመጠው፤ አውራ ጣቱ ያንን ምት ሳያቋርጥ ይረግጣል፣ የቀሩት ጣቶች ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ለድምፁ ይመልሱለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት ጊታር ይመስለዋል። እጅ እንደዚህ የሚፈታው በስንት ልምምድ እንደሆነ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

የመስቀለኛ መንገዱ ወሬ ደግሞ ከመነሻው የእሱ አልነበረም። ቶሚ ጆንሰን የሚባል፣ ዘመዱ ያልሆነ ሌላ የሚሲሲፒ ዘፋኝ ነበር፤ ታሪኩን ስለ ቶሚ የተናገረው የገዛ ወንድሙ ሌዴል ነው። ኋላ ላይ ስሙ ወደ ገነነው ጆንሰን ዞረ።

ሮበርት የቀዳው 29 ዘፈን ብቻ ነው፤ ኖቬምበር 1936 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ፣ ጁን 1937 ደግሞ ዳላስ ውስጥ። ኦገስት 16 ቀን 1938 ግሪንውድ አጠገብ በ27 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ጆን ሃመንድ የተባለው የሙዚቃ ሰው ኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ለሚያዘጋጀው ኮንሰርት ሊጠራው ሲያፈላልገው መሞቱን ሰማ። በቦታው ቢግ ቢል ብሩንዚ ዘፈነ።

ቤተ ዜማ

ጋሽ ሸክላ እናመሰግናለን። የመቃብሩን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁት። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ብሉዝ የባርነት ዘመን ዘፈን ነው ሲባል ነው የሰማነው። ባርነት በ1865 ቀርቷል። በ1911 የተወለደን ልጅ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?

ሸክላ ሰብሳቢ

በባርነት ዘመን የነበሩት የሥራ ዘፈኖች፣ መንፈሳዊ መዝሙሮችና ብቻውን ማሳ ላይ ያለ ሰው የሚለቀው ረጅም የጩኸት ዜማ ናቸው። ብሉዝ ከእነዚህ ሁሉ ጠጥቷል። ራሱ ብሉዝ ግን የመጣው ነጻ ከወጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። ልዩነቱ ግጥሙ ውስጥ ይታያል። መዝሙሩና የሥራ ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ናቸው። ብሉዝ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ስለ ራሱ ሚስት፣ ስለ ራሱ ዕዳ፣ ነገ ስለሚሳፈርበት ባቡር ይናገራል። አያቱ ያለ ጌታው የይለፍ ወረቀት ከእርሻው መውጣት የማይችል የነበረ ሰው፣ "ነገ እሄዳለሁ" ብሎ ሲዘፍን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ቦታውን ደግሞ እንየው። ሚሲሲፒ ዴልታ የሚባለው በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል ያለው ሜዳ ነው። የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ አብዛኛው ገና ጫካና ረግረግ ነበር። ተመንጥሮ፣ ወንዙ በአፈር ክትር ታጥሮ፣ የጥጥ አገር የሆነው ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ጉልበት ስለሚፈለግ ጥቁር ቤተሰቦች የተሻለ ነገር እናገኛለን ብለው ከየአቅጣጫው ገቡ። ያገኙት የእኩል አራሽነት ነው። ባለ መሬቱ መሬት፣ በቅሎና ዘር ይሰጣል፤ ቀለቡ ከራሱ ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ ይወሰዳል። ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ ይተሳሰባሉ፤ መዝገቡ ያለው ግን ባለ መሬቱ እጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጅ ዐዋቂው የለፋ ቤተሰብ "ዘንድሮም ትንሽ ቀርቶብሃል" ተብሎ ይሸኛል። መዝገቡ ልክ አይደለም ብሎ መከራከር ሕይወት ያስከፍል ነበር። የጭሰኛን ኑሮ ከወላጆቹ የሰማ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከእነዚህ እርሻዎች አንዱ ዊል ዶከሪ በ1895 ያቋቋመው ነው። በ1900 አካባቢ የቻርሊ ፓተን ቤተሰብ እዚያ ገባ። ፓተን ጊታሩን ከጀርባው አዙሮ፣ በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ እየመታ ቅዳሜ ማታ ሰውን ያስጨፍር ነበር፤ ድምፁ ሻካራ፣ ጉልበተኛ ነው። ኋላ ታዋቂ የብሉዝ ዘፋኝ የሆነው ሃውሊን ዎልፍ ጊታር የተማረው ከእሱ ነው። አስተውሉልኝ፤ ይህ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። ሰኞ ወደ ጥጥ የሚመለስ ሰው ቅዳሜ ሌሊት የሚጨፍርበት። ብሉዝ ማለት ማልቀስ ነው የሚለው አስተሳሰብ እንደ ሰይጣኑ ተረት ብዙ ነገር ይደብቃል።

የዜማ ደራሲው ዊልያም ክሪስቶፈር ሃንዲም ከዚህ ሙዚቃ ጋር የተገናኘው እዚያው ዴልታ ውስጥ ነው። ሃንዲ ኖታ የተማረ የባንድ መሪ ነበር። በ1903 አካባቢ ተትዋይለር ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ልብሱ የተቀዳደደ አንድ ጥቁር ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ቢላዋ በጊታር ክሮች ላይ እያንሸራተተ፣ አንዷን ስንኝ ሦስት ጊዜ እየመላለሰ ሁለት የባቡር ሐዲዶች ስለሚገናኙበት ቦታ ይዘፍናል። ሃንዲ እንዲህ ያለ እንግዳ ሙዚቃ ሰምቶ እንደማያውቅ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የሰውየውን ስም ማንም አልያዘውም።

ባለ 18 ጎማ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከሜምፊስ ወደ ደቡብ በሀይዌይ 61 ተመላልሻለሁ። ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለም። በጥጥ መልቀሚያው ወቅት ከመኪና የበነነው ጥጥ የአስፋልቱን ዳር ዳር ነጭ አድርጎት ይቆያል።

ክላርክስዴል ስትገቡ መስቀለኛ መንገድ የተባለው ቦታ ላይ ሰማያዊ ጊታሮች የተሰቀሉበት ምሰሶ አለ። ዙሪያው ተራ ሱቅ ነው፤ ሰው ግን መኪናውን አቁሞ ፎቶ ይነሳል። ዶከሪን የማየት ዕድል ያገኘሁት ሌላ ጊዜ ነው፤ በሀይዌይ 8 ከሩልቪል ወደ ክሊቭላንድ ስትሄዱ ከመንገዱ አጠገብ ነው። አሮጌ የእንጨት መጋዘን ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ የእርሻው ስም፣ 1895 የሚለው ዓመትና የዊል ዶከሪ ስም ተጽፏል። ብቻዬን ነበርኩ። ፓተን በእግሩ የሄደበት ቦታ ላይ ማንም የለም፣ ሰይጣን ቆመበት የተባለው ቦታ ላይ ግን ወረፋ አለ። ከጋሼ ጽሑፍ ጋር ሳገናኘው በጣም ነው የቆጨኝ።

በሀይዌይ 49 ምዕራብ ካለፋችሁ ፓርችማን እስር ቤት አለ። በ1901 የተከፈተ፣ እስረኞች በጠመንጃ ጥበቃ ሥር ጥጥ የሚያለሙበት እርሻ ነበር። ሰን ሃውስም፣ ሌላው ብሉዝማን ቡካ ዋይትም እዚያ ታስረዋል። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢዎቹ የሎማክስ ቤተሰብ፣ አባትም ልጅም፣ መቅረጫ ማሽን ይዘው ገብተው የእስረኞቹን የመጥረቢያ ዘፈን ቀድተዋል።

የሠፈሩ ማሲንቆ

እኔ ብሉዝ በሰማሁ ቁጥር ትዝታ ትዝ ይለኛል። እንጉርጉሮ ነው፣ ግጥሙ እዚያው ይፈጠራል፣ ዘፋኙ ስንኝ ጥሎ መሣሪያው ይቀበለዋል። አዝማሪና ብሉዝማን አንድ ሥር የላቸውም ትላላችሁ?

አምስት ክር

ወንድሜ ስሜቱን እጋራሃለሁ፤ የዘር ሐረጉን ግን እንዲሁ ማያያዝ አይሆንም። ወደ አሜሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ናቸው፤ ከሴኔጋልና ጋምቢያ አካባቢ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከኮንጎና አንጎላ። የብሉዝን ዘመድ የሚፈልግ ማሊ ይሂድ። የኒያፉንኬው አሊ ፋርካ ቱሬ ጊታር ሲመታ መስማት በቂ ነው።

ሙዚቃውም ሲታይ ይለያያል። ትዝታ አምስት ድምፅ ይዞ በዚያው ቅኝት ይዞራል፤ ሥሩ የሚቀያየር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የለውም። ብሉዝ በተለመደው መልኩ 12 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው፣ ሦስት ስንኝ፣ ለእያንዳንዱ አራት ባር። የመጀመሪያው ስንኝ ይባላል፤ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል፣ ኮርዱ ግን ከሥሩ ስለተቀየረ ያው ቃል ሌላ ስሜት ይሰጣል፤ ሦስተኛው ነገሩን ይዘጋዋል። ድምፁ የስንኙን ቦታ በሙሉ አይይዝም፤ ግማሹን ለጊታሩ ይለቅለታል። መደጋገሙ ዘፋኙ ሦስተኛዋን ስንኝ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እዚህ ላይ ስለ አዝማሪ ያልከው ያስማማናል።

ሌላው የብሉዝ ምሥጢር ሦስተኛዋና ሰባተኛዋ ድምፅ ናቸው። በሜጀርና በማይነር መካከል ይንሸራተታሉ፤ ፒያኖ ላይ ቁልፍ የላቸውም። የዴልታ ልጆች ይህን የሚለማመዱት ጊታር ሳይገዙ ነበር። ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ይፈቱና በሁለት ሚስማር የቤቱ ግድግዳ ላይ ይወጥሩታል፤ ከሥሩ ጠርሙስ ሸጉጠው ከግድግዳው ያርቁታል። በአንድ እጅ ሽቦውን እየመቱ በሌላው ጠርሙስ ወይም ብረት ያንሸራትቱበታል። ፍሬት የሚባል፣ ጊታር አንገት ላይ ድምፁን የሚለይ ብረት የለም፤ ድምፁን የሚያገኘው ጆሮ ነው። የእንጨት ቤቱ ራሱ የጊታሩ ሆድ ይሆናል። ብዙዎቹ የታወቁ ጊታሪስቶች በዚህ ነው የጀመሩት። እንደ ማሲንቆ መቺነትህ አንድ ክር ምን ያህል እንደሚናገር አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ።

ሐና

እኔ በእምነቴ ምክንያት ዘፈን አልሰማም፤ ማንንም ለመንካት ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቀው። የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ብላ የለ?

ሸክላ ሰብሳቢ

እህቴ፣ ብላለች፤ ብዙዎቹ ዘፋኞችም በዚህ ሲሠቃዩ ኖረዋል። ሰን ሃውስ ሰባኪ ነበር። ወደ ጊታሩ የዞረው አድጎ ነው፤ ስብከትና ብሉዝ በአንድ ልብ ውስጥ ሲታገሉ መስማት የሚፈልግ የእሱን ሸክላ ይስማ።

ግን የቶማስ ዶርሲን ታሪክ ልንገርሽ። ዶርሲ የሰባኪ ልጅ ነው። "ጆርጂያ ቶም" እየተባለ የብሉዝ ዘፋኟ የማ ሬይኒ ፒያኒስት ነበር፤ ነውር ያለባቸው የብሉዝ ዘፈኖችም ቀድቷል። በ1932 ለአገልግሎት ከቺካጎ ወጥቶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፣ ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ ሐዘን ውስጥ "ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ" የሚለውን መዝሙር ጻፈ። ዛሬ ጎስፔል የሚባለው መዝሙር አባት ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት "የዘፈን ቤት ዜማ አመጣብን" ብለው አልቀበል ብለውት ነበር። የብሉዙን ፒያኖ ይዞ ነው ወደ መቅደሱ የገባው። ስለዚህ የጎስፔል ዘማሪዋን ማኅሊያ ጃክሰንን የሰማ ሰው የብሉዝን ትንፋሽ ሰምቷል። አንቺ በእምነትሽ ጽኚ፤ እኔ የምለው እነዚህ ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት የነበራቸው ትግል እውነተኛ እንደነበር ብቻ ነው።

ሰብለ ወንጌል

እስካሁን የተጠራው የወንድ ስም ነው ማለት ይቻላል። ብሉዝን ለዓለም ያሰሙት ሴቶች ናቸው! ፓተን ገና ሸክላ ሳይቀዳ፣ ኦገስት 10 ቀን 1920 ማሚ ስሚዝ ኒውዮርክ ውስጥ ለኦኬ ኩባንያ "ክሬዚ ብሉዝን" ቀዳች። በጥቁር ዘፋኝ ድምፅ የተቀዳ የመጀመሪያው የብሉዝ ሸክላ ነው። ኩባንያዎቹ ጥቁር ሕዝብ ሸክላ አይገዛም ይሉ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት በአሥር ሺዎች ሲሸጥ ጊዜ ሁሉም ጥቁር ሴት ዘፋኝ ፍለጋ ተሯሯጠ። የፑልማን (የመኝታ) ባቡር አስተናጋጆች ሸክላውን እየገዙ በየደረሱበት የደቡብ ከተማ ይሸጡት ነበር።

ከዚያ በ1923 ማ ሬይኒና ቤሲ ስሚዝ መጡ። የቤሲ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን የሁለት ሴቶች ድርሰት ነው፣ የአልበርታ ሃንተርና የላቪ ኦስቲን። በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ቤሲ ግን የሚከፈላት ለቀዳችው በቁርጥ ነበር፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራትም። እነዚህ ሴቶች ስለሚደበድብ ባል፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ራሳቸው ፍላጎት ያለ ማንም ፈቃድ ዘፍነዋል። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሴት ይህን የሚፈቅድ ሌላ መድረክ የት ነበር?

ቤሲ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1937 በዚሁ ባለ 18 ጎማ በጠቀሰው ሀይዌይ 61 ላይ በመኪና አደጋ ሞተች። የነጮች ሆስፒታል አልቀበልም ብሏት ደሟ ፈሶ ሞተች የሚለው እስከ ዛሬ ይጻፋል። በኋላ እንደተጣራው በቀጥታ የተወሰደችው ክላርክስዴል ወዳለው የጥቁሮች ሆስፒታል ነው። ክንዷ ተጨፍልቆ ነበር፤ እዚያው አረፈች። መቃብሯ ላይ የስም ድንጋይ የቆመው በ1970 ነው። ወጪውን የቻሉት የሮክ ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊንና በልጅነቷ ቤሲን የምታውቃት ሁዋኒታ ግሪን ናቸው።

የቺካጎዋ

ሰብለ ተባረኪ። እኔ ደግሞ የምኖርበትን ከተማ ልጨምር። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወጥተዋል። ከዴልታ የሚወጣው ባቡር ኢሊኖይ ሴንትራል ነው፤ መጨረሻው ቺካጎ።

መዲ ዋተርስን እንውሰድ። በ1941 አለን ሎማክስና የፊስክ ዩኒቨርሲቲው ጆን ወርክ ስቶቫል እርሻ ላይ፣ ትራክተር የሚነዳበት ቦታ ድረስ ሄደው ቀዱት። የራሱን ድምፅ ከሸክላ ሲሰማ ዘፋኝ መሆን እንደሚችል አመነ። በ1943 በሰዓት ከ22 ሳንቲም ተኩል ወደ 25 ሳንቲም እንዲያሳድጉለት ጠየቀ፤ አለቃው ተቆጣ። መዲ ባቡር ተሳፍሮ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ እዚያው ክላርክስዴል አጠገብ ሆፕሰን እርሻ ላይ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ለሕዝብ ታየ። አንድ እስር ጥጥ በእጅ ለማስለቀም 39.41 ዶላር፣ በማሽን 5.26 ዶላር እንደሚፈጅ ባለ እርሻው አሰላ። ከዚያ ወዲያ የእኩል አራሹን የሚፈልገው አልነበረም።

ቺካጎ መጠጥ ቤት ውስጥ የእንጨት ጊታር በጫጫታው አይሰማም። ብሉዝ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር የዞረው ለዚህ ነው። ሊትል ዋልተር ሃርሞኒካውንና ማይኩን በሁለት መዳፉ አንድ ላይ አፍኖ ሲነፋ የወጣው ድምፅ ከሳክስፎን ይስተካከላል። እሑድ ማክስዌል ጎዳና ገበያ ላይ ደግሞ ሙዚቀኞቹ ከሰው ቤት መስኮት ገመድ አውጥተው ኤሌክትሪክ ይወስዱ ነበር። ያ ገበያ በ1994 ተነሥቷል፤ ቦታውን ዩኒቨርሲቲ ወሰደው።

ቤተ ዜማ

ታዲያ ገንዘቡን ማን በላው? ሮሊንግ ስቶንስ፣ ሌድ ዜፕሊን የሚባሉት የእንግሊዝ የሮክ ባንዶች ከዚህ የተነሡ ናቸው ይባላል።

ሸክላ ሰብሳቢ

ሁሉም አንድ አይደሉም። ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን የወሰዱት ከመዲ ዘፈን ነው፤ በ1965 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጋብዛቸው ሃውሊን ዎልፍ አብሯቸው እንዲቀርብ አስደርገው እግሩ ሥር ተቀምጠው አዳመጡት። ሌድ ዜፕሊን ግን የቺካጎውን የብሉዝ ደራሲ የዊሊ ዲክሰንን ግጥም ወስደው ስሙን አላሰፈሩም። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፣ በ1987 በስምምነት አለቀ። ሌሎች አረጋውያን የብሉዝ ሰዎች መብታቸውን እንዲያስከብሩ የሚረዳ ድርጅትም አቋቁሟል። አብዛኞቹ ግን ሳይከፈላቸው ነው የሞቱት፤ ይህን በቀላሉ መናገር አልችልም።

አምስት ክር

ለአዲስ ሰሚ አንድ ነገር ልጠቁም። መዲ ዋተርስ በ1941 ስቶቫል ላይ የቀዳውን "ካንትሪ ብሉዝ" ፈልጉ። ቀጥሎ በ1948 ቺካጎ የቀዳውን "አይ ፊል ላይክ ጎኢንግ ሆም" ስሙ። ዜማው አንድ ነው። የመጀመሪያው ላይ እርሻው ላይ ያለ ሰው በእንጨት ጊታር፤ ሁለተኛው ላይ ከአገሩ የወጣ ሰው በኤሌክትሪክ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሰን ሃውስን፣ ከእሱ አልፋችሁ ፓተንን ስሙ። የፓተን ሸክላዎች ሲንኮሻኮሹ እንዳትተዉት፤ ጆሮ በሦስተኛው በአራተኛው ይለምደዋል።

ባለ 18 ጎማ

ሐሙስ ጭነት ወደ ግሪንቪል አለኝ። አራቱንም ስልኬ ላይ ጭኜ በዶከሪ በኩል አልፋለሁ። ጋሼ፣ የአይክ ዚመርማን መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።